ከመቶ ሁለት እጅ

አባ ሚዛን የሚለውን ስም እናትና አባታቸው አላወጡላቸውም፤ ያወጣላቸው እጃቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት የመኖ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በቆሎው፣ ፋጉሎውና ፉርሽካው በአካፋ ይሄዳል፤ ጨውና ኖራን የመሰለው፣ ትንሽ ቢበዛም ትንሽ ቢጎድልም ጣጣ የሚያመጣው ነገር ግን የሚያልፈው በእሳቸው እጅ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ ሚዛን አስመጥቶ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ፈተናቸው። «ሩብ ኪሎ ጨው» አላቸው። ዘገኑ። ሩብ ኪሎ ሆነ። «ሩብ ኪሎ ፉርሽካ» አላቸው። ፉርሽካ ቀላል ስለሆነ ደጋግመው ዘገኑ፤ ትንሽ አሰቡና ከላዩ በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ወደ ጆንያው መለሱ። ሩብ ኪሎ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሚዛኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አየው፤ የተበላሸው ሚዛኑ መስሎት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በፋብሪካው ወለል ላይ እጃቸው መስፈሪያ ሆነ። «መቶ» ማለት ኩንታል ነው፤ «እጅ» ማለት የአባ ሚዛን እጅ፣ ሩብ ኪሎ ነው። «ለመቶው ሁለት እጅ ጨው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። በወረቀት ላይ ያለው ስሌት የፎቅ ሰዎች ጉዳይ ነበር፤ ወለሉ የራሱ ቋንቋ ነበረው። አንድ ቀን ፎርማኑ ጠጋ ብሎ «ከውዱ ነገር ግማሽ እጅ ብናጎድል ማን ያውቃል?» ቢላቸው «እጄ ያውቃል» አሉት። አልላቀቅ ሲላቸው ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው «እንግዲያው ይኼን ቁረጠውና ራስህ ስፈርበት» ብለውት ሄዱ። ፎርማኑ ስድስት ወር አኮረፋቸው። እሳቸውም ኩርፊያ ሚዛን አይደፋም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጡረታ ሲወጡ በግቢያቸው ጓሮ ዶሮ ቤት ሠሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ምሳ እያሰናዳ በላተኛውን አንድ ቀን ሳያይ የኖረ ወጥ ቤት ምን ይሰማዋል? እሳቸውም እንደዚያው ነው የተሰማቸው። ሁለት መቶ የሥጋ ዶሮ በአንድ ዙር ያስገባሉ፤ ጫጩቶቹ በአርባ አምስት ቀናቸው ይሸጣሉ፤ ቤቱ ይጸዳል፣ አዲስ ሰጋቱራ ይነጠፋል፣ ሌላ ዙር ይገባል። ዶሮ ቤቱን የሠራላቸው አንድያ ልጃቸው ነበር። አናጢ ነበር፤ የሠራው በር ሲዘጋ ሲጢጥ አይልም፣ ሲከፈትም አይታገልም።

ልጃቸው ያገባት ልጅ ወደ ግቢው ስትመጣ አባ ሚዛን «ልጄ» ይሏት ጀመር። የገዛ ልጃቸውን ግን «አንተ» ነው የሚሉት። «እሷ ልጅዎ ከሆነች እኔ የማን ነኝ?» ይላቸው ነበር እየሳቀ። «አንተማ የጣውላው ነህ» ይሉታል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ ልጃቸውን ሳል የመሰለ ነገር ጀመረው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

በቀብሩ ላይ አባ ሚዛን «ልጄ! ልጄ!» እያሉ ጮኹ። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሏ ከአፋቸው አልወጣ አለች። ምራታቸውን ሲጠሩ «ስሚ» ወይም «አንቺ» ሆነ። ሊሏት ይፈልጋሉ፤ ጉሮሯቸው ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ምራትየው ግን ጉሮሯቸውን ከየት ታያለች? ባሌ ሲሞት ባዳ ሆንኩባቸው ብላ አሰበች፤ እሷም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። ተረቱን ያወጣው መኖ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። በጨለማ ታሽጎ የቆየ ነገር ሁሉ ይነቅዛል፤ ከቀብሩ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት በግቢው ውስጥ የነቀዘውን እኔ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በዚያ ዝምታ መሐል ምራትየው ግቢው ውስጥ ያለውን የባሏን የአናጢነት መሥሪያ ቤት እንጉዳይ ማብቀያ አደረገችው። ሦስት ክፍል ነው፤ መስኮቶቹን ሸፈነች፣ ጭድ ቀቅላ ከእንጉዳዩ ዘር ጋር በላስቲክ ከረጢት ጠቀጠቀች፣ ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከረጢቶቹ ነጭ ሆኑ፤ በቀዳዳው በኩል ጆሮ የመሰለ እንጉዳይ ብቅ ብቅ አለ። የባሏን የመላጊያ ጠረጴዛ ግን ከቦታው አላነቃነቀችም። እላዩ ላይ እየቆረጠች ታሽጋለች።

እንጉዳዩን የሚገዟት ሆቴሎች ናቸው። ሆቴሎቹ የሚፈልጉት ጆሮውን ነው፤ ታች ያለውን ጠንካራውን፣ «እግር» የሚባለውን፣ ቆርጣ ትጥላለች። የተጣለው እግር በር አጠገብ ተከመረ፣ ሰነበተ፣ ሸተተ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አቤት አለ።

«አባ ሚዛን፣ ደንበኞቼ ሱሪ ሊለኩ መጥተው አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚቆሙት። ሰው በአንድ እጁ አፍንጫውን ይዞ እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆማል? ትናንት አንዱን ሱሪ ግራና ቀኙን አበላልጬ ሰፋሁት።»

«እሱን ድሮም ታደርገው ነበር» አሉት አባ ሚዛን።

ምራትየው ግን ነገሩ አሳፈራት። ስለ እንጉዳይ ሥልጠና በወሰደችበት ቦታ አንዲት የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነበረች፤ ሄዳ ጠየቀቻት። ባለሙያዋም እግሩ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ለሥጋ ዶሮ ከመኖ ጋር ሊደባለቅ እንደሚችል፣ አንዳንዶች ሞክረው እንደወደዱት፣ ሲበዛ ግን ሆዳቸውን እንደሚያስቸግር ነገረቻት። «ከመቶ ሁለት እጅ ይበቃል» አለቻት። ምራትየው ከዚያ ቀን ጀምራ እግሩን ሳይሻግት በቆርቆሮ ላይ ታሰጣ ጀመር። ወፍጮ ቤት ወስዳ «እግር ላስፈጭ ነበር» ብትለው ባለወፍጮው ክው አለ። «የማን?» አላት። ነገሩ ከገባው በኋላም ሽታው ወፍጮዬ ላይ ይቀራል ብሎ እምቢ ስላላት በሙቀጫ እየወቀጠች ነፋችው።

በዚሁ ሰሞን ታላቅ ወንድሟ ከሌላ ከተማ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የለውም። ከዶሮ ቤቱ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ አባ ሚዛን ውስጥ ሆነው የዶሮዎቹን ውኃ መጠጫ ይሞሉ ነበር። ጣውላው ስስ ነው።

«እዚህ ምን አለኝ ብለሽ ነው የምትቀመጪው?» አላት ወንድሟ። «ባልሽ የለም። ልጅ አልወለዳችሁም። ሽማግሌው ክፉ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ግን አባትሽ አይደሉም። እኔ ጋ ሰፊ ቤት አለ። እንጉዳይሽንም እዚያው ታበቅያለሽ።»

«አንድ የጀመርኩት ነገር አለ» አለች ምራትየው። «የእንጉዳዩን እግር ለዶሮዎቹ ልንሞክረው ነው። ከጠቀመ ሥራዬ እዚህ ነው ማለት ነው። የእኔ ትራፊ ለሳቸው ይሆናል፤ ሰውም ምን አለኝ ብላ ተቀመጠች ብሎ አይጠይቀኝም። ካልጠቀመ ግን ይህ ዙር እንዳለቀ መጥተህ ውሰደኝ።»

አባ ሚዛን መጠጫው ሞልቶ ጫማቸው ላይ እየፈሰሰ መሆኑን ያወቁት ካልሲያቸው ሲርስ ነው። ሄዳ ማየት አልፈለጉም። እንዳትሄጂ ለማለት ግን በየት በኩል? እናት አይደሉ፣ አባት አይደሉ፣ የልጅ ልጅ አያሳድጉ። በሕይወታቸው ሙሉ የዶሮ ክብደት እንደዚያን ቀን አስጨንቋቸው አያውቅም።

በማግሥቱ ምራትየው አንድ ከረጢት ዱቄት ይዛ ወደ ዶሮ ቤቱ መጣች። አባ ሚዛን ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኑ። ከረጢቱን ተቀብለው አንዴ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ስምንት ኪሎ ነው።»

«እርስዎ ካሉ ነው» አለች። «ለዚህ ዙር ልክ ይበቃል። ቤቱን በአጥር ለሁለት እንክፈለው አባባ። በስተቀኝ ላሉት መቶ ዶሮዎች ይደባለቅላቸው፤ በስተግራ ላሉት መቶዎች ይቅርባቸው። ያኔ ልዩነቱን እናያለን።»

«ዶሮና እንጉዳይን ምን አገናኛቸው?»

«እኔና እርስዎን ያገናኘን» ልትል ብላ ተወችው መሰለኝ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቆመ። «ባለሙያዋ ናት ያለችው» አለች።

«መጠኑስ?»

«ከመቶ ሁለት እጅ።»

«ለመቶው ሁለት እጅ» አሉ አባ ሚዛን ራሳቸውን እየነቀነቁ። ደስም አላቸው፤ ከጡረታ ወዲህ በፋብሪካው ቋንቋ ያናገራቸው ሰው አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። አባ ሚዛን አንድ ኩንታል መኖ በሸራ ላይ ይዘረጋሉ፣ ከዱቄቱ ሁለት እጅ ይሰፍራሉ፣ በመጀመሪያ ከጥቂት መኖ ጋር ያሹታል፣ ከዚያ ከሁሉ ጋር ያገላብጡታል። ዱቄቱ የዝናብ ማግሥት ጫካ ይሸታል። ለቀኞቹ እየሰጡ ቆመው ያዩዋቸዋል። «ብሉ እንጂ! የሰው ቤት ሊፈርስ ነው እናንተ ቆንጠር ቆንጠር ታደርጋላችሁ?» ይሏቸዋል። ልብስ ሰፊው ይህን ሰምቶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ፤ የእርስዎዎቹ ደግሞ ሲሉ ሰምተው እንጉዳይ ጀመሩ?» አለ። አባ ሚዛን ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥሩ መልስ ነበራቸው፤ ያን ሰሞን ግን ቀልድ አልመጣላቸውም።

ምራትየው በየጠዋቱ ዶሮዎቹን ልታይ ትመጣለች። መጀመሪያ «እንዴት አደሩ?» ብቻ ነበር፤ ለዶሮዎቹ ይሁን ለሳቸው ሳይለይ። ከሳምንት በኋላ ኩሳቸው እንዳልረጠበ አብረው ማየት ጀመሩ፤ ከዚያ ስለ ጭድ መወደድ፣ ስለ ሆቴሎቹ ጭቅጭቅ። አንድ ጠዋት አባ ሚዛን ከየት እንዳመጡት ሳያውቁት ጠየቋት።

«ያ የመላጊያ ጠረጴዛ ቦታ አያጣብብሽም?»

«ያጣብበኛል።»

«ታዲያ ለምን አትሸጪውም?»

«ብሸጠው እርስዎ ምን ይሉኝ ነበር?»

«ምንም አልልሽም።»

«እሱን ነዋ የፈራሁት» አለች።

አባ ሚዛን ይህን ቀኑን ሙሉ ሲያመላልሱት ዋሉ። ምንም አለማለታቸው ሰውን የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቁት።

አርባ አምስተኛው ቀን ደረሰ። ምራትየው ከአትክልት ነጋዴ የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሳ መጣች፤ የመጀመሪያዋን ዶሮ ስትሰቅልበት መርፌው ሁለት ኪሎ ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ዶሮዋን አወረደቻት፤ መርፌው እዚያው ነው። ነካካችው፣ ነቀነቀችው፤ ዝጓል።

«ይቅር» አለች። «የእርስዎ እጅ ካለ ብረት ምን ያደርግልኛል። እርስዎ ይመዝኑ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

አባ ሚዛን ከቀኝ አሥር፣ ከግራ አሥር እያፈራረቁ አነሱ። ገና በአራተኛዋ ዶሮ ልባቸው ወረደ። ቀኞቹም ግራዎቹም ያው ናቸው። የምታውቀው እጃቸው ብቻ ናት። አንድ ቃል፣ «ከብደዋል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ፣ ምራታቸውን ታስቀራት ነበር። ማን ያውቃል? ፎርማኑም ያለው ይኸንኑ ነው። ሃያኛዋን ዶሮ ካወረዱ በኋላ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«እኩል ናቸው» አሉ።

ምራትየው እስክሪብቶውን ከደብተሩ ላይ አነሳች። «አንድም ልዩነት?»

«የላባ ያህል እንኳን።»

«እሺ። ሞከርነው እንግዲህ» አለች። «ነገ ለወንድሜ እደውላለሁ።» ደብተሩን አጥፋ ወደ ክፍሏ ገባች። አባ ሚዛን እውነት ተናግረው እንደዚያን ቀን ከፍቷቸው አያውቅም። እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ይላል ሰው፣ ውለታው ሲበላ፤ የሳቸው እጅ ግን የገዛ ቤታቸውን ነው ያፈሰው።

በማግሥቱ ጠዋት ዶሮ ቤቱን ሲያጸዱ የዱቄቱን ከረጢት አነሱት። አንስተውም ባሉበት ቆሙ። ስድስት ኪሎ ነው። ደግመው ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ስድስት ኪሎ። ስታመጣው ስምንት ነበር፤ «ለዚህ ዙር ልክ ይበቃል» ብላቸዋለች። ቀኞቹ የበሉት አራት ኩንታል ነው። አራት ኩንታል፣ ስምንት ኪሎ። ለኩንታል ሁለት ኪሎ። እሳቸው የሰጡት ግን ሁለት እጅ፣ ግማሽ ኪሎ ነው።

ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አሉ። የሷ እጅ የሳቸው እጅ አይደለም! ከመቶ ሁለት እጅ ስትላቸው ከመቶ ኪሎ ሁለት ኪሎ፣ የወረቀቱን፣ የፎቁን ቋንቋ እየተናገረች ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከፎቁ ሥር ሠርተው አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚሉ አልጠየቁም።

መጀመሪያ የመጣባቸው ሐሳብ ዝም ማለት ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ማንም አላየ። አባ ሚዛን ሰፍረው ተሳሳቱ ከሚባል እንጉዳዩ አልሠራም ቢባል ስማቸው ደህና ነው። ከስማቸው በቀር ምን ቀራቸው? ልብስ ሰፊውን አሰቡት፤ ይህን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ሌላ ወሬ አያስፈልገውም። ከዚያ ከመሥሪያ ቤቱ ከረጢት ሲወርድ፣ ጣውላ ሲጎተት ሰሙ። ዕቃ እየሰበሰበች ነው። ከረጢቱን ይዘው ተነሱ።

ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ያንን መሥሪያ ቤት ረግጠውት አያውቁም። ደፉ ላይ ቆሙ፣ ከዚያ ገቡ። ምራትየው የመላጊያውን ጠረጴዛ እያጸዳች ነበር።

«ስሚ» አሉ። «ዱቄትሽ አይደለም ያልሠራው። እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ከመቶ ሁለት እጅ ያልሽኝን።» ከረጢቱን መሬት ላይ አኑረው፣ ሁለት እጃቸውን ገጥመው እንደ ጽዋ አድርገው አሳዩዋት። «እኔ ይኼንን ሰጠኋቸው።»

ምራትየው የተገጠሙትን እጆች አየች። የአባ ሚዛንን ፊት አየች። እንደገና እጆቹን አየች።

«በእጅ?»

«በእጅ።»

«አባባ! ከመቶ ኪሎ ሁለት ኪሎ እኮ ነው!»

«አሁን ገባኝ።»

«ዶሮዎቹን እያስሸተቱ ነዋ ያሳደጓቸው!» አለችና ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ አልተሰማም ነበር። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ፣ እያቃሰተች ሳቀች፤ አባ ሚዛንም ሳያስቡት ተከተሏት። ከዚያ የሷ ሳቅ ሳይታወቅ ወደ ለቅሶ ዞረ። የሳቸውም። ሁለቱም ምክንያቱን ስለሚያውቁ ማንም ማንንም አላባበለም።

ሲረጋጉ አባ ሚዛን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አርባ አምስት ቀን ጨምሪልኝ።»

«ለዶሮዎቹ?»

«ዶሮ ምን ገዶት። ለእኔ።» የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው አሻሹት፤ ልጃቸው የላገው ነው፣ ለስላሳ ነው። «ብትሄጂ ይህ ግቢ ይከብደኛል። ክብደት ደግሞ አውቃለሁ፤ አልችለውም።»

ምራትየው ፊቷን በክንዷ ጠረገች፣ ስድስት ኪሎውን ዱቄት ከመሬት አነሳች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከእንግዲህ ግን በእጅ የለም» አለች። «መኖውም በኪሎ ነው፣ ዶሮዎቹም በሚዛን ነው የሚመዘኑት። ደህና ሚዛን እገዛለሁ።»

«በኪሎ» አሉ አባ ሚዛን። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ሰጡ።

ወንድሟን አንድ ዙር ጨምርልኝ አለችው። ተገረመ፣ ግን ጨመረላት። ሁለተኛው ዙር ሲገባ መኖውን ሁለቱም አብረው በሸራው ላይ ያገላብጡ ነበር፤ እሷ ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ መኖ ቀንሳ በምትኩ ሁለት ኪሎ ዱቄት በሚዛን ትሰፍራለች፣ እሳቸው ያሻሉ። አልፎ አልፎ «በዛ» ወይም «ጎደለ» ይላሉ፤ ሚዛኑን ታየዋለች፤ እውነታቸውን ነው። በር አጠገብ የነበረው ክምር ጠፋ። ልብስ ሰፊው የሚያማርርበት ነገር ሲያጣ ጊዜ ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ስለለቀቁ አሁን በሁለት እጃቸው ዋጋ ይከራከሩኛል ብሎ አማረረ።

በአርባ አምስተኛው ቀን አዲሱን ሚዛን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ጠፍጣፋ ነው፤ ቁጥሩ በትንሽ መስኮት ውስጥ በቀይ ይበራል። የአባ ሚዛን ዓይን እንዲህ ያለውን ደቃቅ ቁጥር ካየ ቆይቷል። ስለዚህ እሳቸው ዶሮዎቹን እያነሱ ሚዛኑ ላይ ያኖራሉ፤ እሷ ታነባለች፣ ትጽፋለች።

ከግራዎቹ ጀመሩ። «ሁለት ኪሎ ከስልሳ ግራም» አለች። ልክ ነው፤ እጃቸው ስልሳ ብላለች። «ሁለት ኪሎ ከሠላሳ።» ልክ ነው። አሥሩን ጨረሱ፤ አንድም አልተሳሳተም፤ አባ ሚዛን ይህ ብረት ጎበዝ ነው ብለው አሰቡ።

ወደ ቀኞቹ ዞሩ። የመጀመሪያዋን አነሱ። እጃቸው ሁለት ኪሎ ከሃምሳ አለች። ሚዛኑ ላይ አኖሯት።

«ሁለት ኪሎ ከመቶ ሠላሳ» አለች ምራትየው።

አባ ሚዛን ምናልባት እጄ አርጅታ ይሆናል አሉ በሆዳቸው። ሁለተኛዋን አነሱ። ሁለት ኪሎ ከአርባ።

«ሁለት ኪሎ ከመቶ ሃያ።»

ሦስተኛዋ። አራተኛዋ። እጃቸው አላረጀችም። ግራዎቹ ላይ ያልሳተች እጅ ቀኞቹ ላይ ስትደርስ በየዶሮው ልክ ሰማንያ ግራም ልትስት አትችልም። ቀኞቹ ከግራዎቹ አልከበዱም፤ አልቀለሉምም። ያ ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ከየኩንታሉ ሁለት ኪሎ የተገዛ መኖ ተርፎ፣ የሸተተ ክምር ጠፍቶ፣ ዶሮዎቹ ያው ናቸው። የሷ ደብተር ግን ከብደዋል ይላል።

ቀና ብለው አዩዋት። አላየቻቸውም። አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ያን ጊዜ አባ ሚዛን ገባቸው። በመሥሪያ ቤቱ «ለእኔ» ላሏት መልሷ ይኸው ነው፤ «እቀራለሁ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ ብሏት በቁጥር እየነገረቻቸው ነው። እሳቸው ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ የቀረ ነገርን ምንነት ካላወቁ ማን ያውቃል?

የቀሩትን ስድስት ዶሮዎች አንድ በአንድ አነሱላት፣ እሷም ሰማንያ ሰማንያ እየጨመረች አነበበችላቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አሥረኛዋን ሲያወርዱ ምራትየው ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና አለች። ዓይኗ ፈርቷል። ከእነዚህ እጆች ፊት የሐሰት ሚዛን አቁሞ ያመለጠ ሰው እንደሌለ ታውቃለች።

«የእርስዎስ እጅ ምን ይላል፣ አባባ?»

አባ ሚዛን ቀኝ እጃቸውን አዩት። ለፎርማኑ ቁረጠው ብለው የዘረጉት ይኸው እጅ ነው። ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት።

«ከብደዋል» አሉ፤ «ከብደዋል፣ ልጄ።»